ጎብኚው ለምን ሳይገዛ ሄደ?



ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሄደበት ሁሉ የአካባቢውን ጤፍ፣ ማርና ጋቢ ያውቃል። ዛሬ ታዲያ የእነዚህ ከተሞች ወጣቶች የአባታቸውን ሱቅ ዕቃ በስልክ ፎቶ እያነሱ በድረ ገጽና በቴሌግራም ያወጣሉ። ይበል የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ከብዙዎቹ የምንሰማው ሮሮ አንድ ነው፤ «የሚያየው ብዙ ነው፣ የሚገዛው ግን የለም» ይላሉ።

እኛ ምክንያቱን በገዢነት ቀምሰነዋል። ባለፈው ክረምት ለእናታችን ጋቢ ፈልገን አንድ የሽያጭ ገጽ ከፈትን። ፎቶው ያምራል፤ ዋጋው ግን የለም። ከሥሩ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። ጻፍን። ማታ ላይ «ስንት ፍሬ ፈልገው ነው?» የሚል መልስ መጣ። ርዝመቱን ጠየቅን፤ «ትልቅ ነው» ተባልን። የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? «ጥራቱ አንደኛ ነው»። ተውነውና በማግስቱ መርካቶ ሄደን በእጃችን ዳስሰን ገዛን። ያ ሻጭ ምናልባት መልካም ሰው ነው፣ ጋቢውም መልካም ይሆናል። እኛ ግን ያንን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ገበያ የወጣ ሰው ጋቢውን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያያል፣ አራቱን ድርብ ይቆጥራል፣ በእጁ ይመዝናል። ጤፉን በመዳፉ ይዞ እፍ ይለዋል፤ ማሩን በጣቱ ይቀምሳል። በስልክ የሚያይ ሰው ግን እጁ ታስሯል። ስለዚህ እጁ ይጠይቅ የነበረውን ሁሉ ገጹ ሳይጠየቅ ሊመልስለት ይገባል፦ የጋቢው ወርድና ቁመት በሜትር፣ ክብደቱ በኪሎ፣ ድሩና ማጉ የምን ክር እንደሆነ፣ ታጥቦ ይሸበሸብ እንደሆነ፤ ጤፉ ነጭ ነው ወይስ ሰርገኛ፣ የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና፣ ተነፍቷል ወይስ አልተነፋም። «ምርጥ»፣ «ልዩ»፣ «አንደኛ» የሚሉት ቃላት ግን ቢቀሩ የሚጎድል ነገር የለም፤ የሁሉም ሱቅ ዕቃ አንደኛ ነውና።

ጉድለቱስ? እርሱም ይጻፍ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ያገኙት ታሪክ በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። ሻጩ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ለፎቶ አንሺ ወንድሞቻችን ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለንም። ጥለቱ ላይ የተዛነፈ ክር ካለ እርሱን አቅርቦ ማንሳት ነው። ይህን ያየ ገዢ የቀረውን ፎቶ ያምናል።

ዋጋን መደበቅ ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው። ሻጮች ተፎካካሪ እንዳያይባቸው፣ ወይም ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ነው ይላሉ። ገዢው ግን «መልኬን አይቶ ሊጠራብኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዘዘው በከንቱ አይደለም። ዋጋው የሚለዋወጥ ከሆነ ቀን ጨምሮ «እስከ ጁሙዓ የሚሠራ ዋጋ» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ስለ ክፍያም ጥቂት እንበል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም ግንቦት ወዲህ ገንዘብ መላኩን አቅልሎታል፤ ፍርሃቱን ግን አላቀለለውም። ዕቃውን ሳያይ ገንዘብ የሚልክ ሰው ውለታ እየዋለላችሁ ነው። በፊቅህ «ሰለም» የሚባለው ውል ዋጋው አስቀድሞ እንዲከፈል ሲፈቅድ የዕቃው ዓይነት፣ መጠኑና የማስረከቢያው ጊዜ ተለይቶ እንዲታወቅ ያስገድዳል። በሐነፊ መዝሀብም ሳያይ የገዛ ሰው ሲያየው የመመለስ ምርጫ አለው። እናም ዕቃው በየትኛው ቀን፣ በምን መኪና እንደሚላክ፣ ካልተስማማ የመመለሻውን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ገጹ ላይ ይስፈር። የሐሰት አድናቆት በዘመድ ስም ማጻፍንስ? ሳይገዛ ዋጋ የሚያስወድድ ሰው የሚሠራው ነጀሽ ክልክል እንደሆነ የሚያውቅ ወጣት ይህንንም ያውቀዋል።

በጎጃም ከተሞች ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ በርስት መሬት ሳይሆን በንግድና በሽመና ነው የኖረው። ሱቅ ሊጠፋ እንደሚችልም የሞጣ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። ገጽም ይጠፋል። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ አዲስ አበባ ያለው ገዢ ገጹን ይከፍታል፤ ቢቸና ያለው ባለቤት ግን ጥያቄውን ማየት አይችልም ነበር። ስለዚህ በገጹ አናት ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚጠራ የስልክ ቁጥር ይኑር። ቴሌብርም በ*127# ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ ለገዢው ይነገረው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ደብተር ይያዝ። ከቁርኣን አንቀጾች ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገር መሆኑን ልብ ይሏል። የገዢው ስም፣ ስልኩ፣ የወሰደው ዕቃ፣ የወሰደበት ቀን፣ የተናገረው ቅሬታ ይመዝገብ፤ አንዱ ቅጂ በሱቅ፣ ሌላው በቤት ይቀመጥ። ባለፈው ረመዳን ማር የወሰደ ሰው ዘንድሮ ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይደወልለት፦ «የዘንድሮው ማር ደርሷል፣ ዋጋው ይህ ነው፣ ከአምናው ግን ትንሽ ጠቆር ይላል።»