ሃይንሪሽ አንበሳውና የቬልፍ ቤት

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ምድር በንጉሠ ነገሥት ስም ቢተዳደርም፣ ሥልጣኑ በአብዛኛው በመሳፍንት እጅ ነበር፤ መስፍን የሚባለውም ሰፊ ግዛት ከዘውዱ ተቀብሎ ግብር የሚሰበስብ፣ የሚዳኝና ጦር የሚያዘምት ታላቅ ባላባት ነው። ከእነዚህም መካከል የቬልፍ ቤት ተወላጅ የሆነውን ሃይንሪሽ አንበሳውን በሀብትም ሆነ በማን አለብኝነት የሚስተካከለው አልነበረም።

ሃይንሪሽ በ1130 አካባቢ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲወለድ እናቱ ጌርትሩድ የንጉሠ ነገሥት ሎታር 3ኛ ልጅ፣ አባቱም የባቫሪያ መስፍን ነበር። ይሁን እንጂ አባቱ የዘውድ ሽሚያውን ተሸንፎ፣ ግዛቱንም ተነጥቆ በ1139 ስለሞተ፣ ልጁ ሳክሶኒን ያገኘው በ1142፣ ባቫሪያን ደግሞ በ1156 ነው፤ ሁለተኛዋን የመለሰለት የአክስቱ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪክ ባርባሮሳ ሲሆን፣ ኦስትሪያን ግን ከባቫሪያ ቆርጦ ራሷን የቻለች ግዛት አድርጓታል።

የመስፍኑን ጠባይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው የጨው መንገድ ጉዳይ ነው። ጨው የጫኑ ጋሪዎች የኢዛርን ወንዝ የሚሻገሩት የፍራይዚንግ ጳጳስ ቀረጥ በሚያስከፍልበት ድልድይ ላይ ነበር፤ ሃይንሪሽ ድልድዩን አፍርሶ መንገዱን ወደ ራሱ መሻገሪያ አዞረው፤ በዚያም ገበያ አቆመ። ጳጳሱ ኦቶ የንጉሠ ነገሥቱ አጎት ስለነበር አቤቱታው በ1158 አውግስቡርግ ላይ ቢታይም፣ ፍርዱ ገበያው ባለበት እንዲጸና፣ ጳጳሱም ከቀረጡ ሲሶውን እንዲወስድ የሚል ሆነ። ያ አዲስ ገበያ የዛሬዋ ሙኒክ ነው። በሰሜን በኩልም በ1159 ሊዩቤክን ዳግም አቋቁሞ ለባልቲክ ንግድ በር ከፈተ፤ በመቀመጫው በብራውንሽቫይግ ደግሞ የሥልጣኑ ምልክት የሆነ የነሐስ አንበሳ አቆመ።

የመጀመሪያ ሚስቱን ክሌሜንቲያን ወንድ ወራሽ ሳይተርፍለት በ1162 በሥጋ ዝምድና ሰበብ ፈታት። በ1168 ያገባት ማቲልዳ የእንግሊዝ ንጉሥ የሄንሪ 2ኛ ልጅ ስትሆን፣ ዕድሜዋ ገና 12 ዓመት አካባቢ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጋብቻ የመንግሥታት ውል እንጂ የሙሽሮቹ ፈቃድ አልነበረም።

ሃይንሪሽ ባቫሪያን የመለሰለትን ዘመዱን መልሶ መርዳት አልፈለገም። ባርባሮሳ በ1176 ለጣልያን ዘመቻው ጦር ሲለምነው እንቢ አለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሌኛኖ ላይ ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ መስፍኑ በተደጋጋሚ ለፍርድ ተጠርቶ ስላልቀረበ፣ በ1180 ሁለቱም ግዛቶች ተወሰዱበት፤ ሳክሶኒ ተከፋፈለች፣ ባቫሪያ ደግሞ እስከ 1918 ለዘለቀው ለቪትልስባክ ቤት ተሰጠች። እርሱም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አማቱ ተሰደደ፤ ኋላ ተመልሶ በ1195 ብራውንሽቫይግ ውስጥ ሲሞት በእጁ የቀረው የአባቶቹ ርስት ብቻ ነበር።

ግዛቱን ያሳጣው ትዕቢቱ ቢሆንም፣ ቤቱን ያተረፈው ያ የእንግሊዝ ጋብቻ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ኦቶ በእንግሊዝ አጎቱ ድጋፍ ለንግሥና በቅቶ በ1209 የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫነ፤ በስደት ሳሉ ዊንቸስተር ላይ ከተወለደው ከቪልሄልም የወረደው ዘር ደግሞ በ1714 የብሪታንያን ዙፋን ወረሰ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላቸው ንግሥት ቪክቶሪያም የዚሁ የቪልሄልም ዘር ናቸው።