ሾሮ በ12 ክሮች

ወንድማማቾቹ ሰርጂዮ እና ኦዳይር አሳድ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጡት «አልማ ብራዚሌይራ» የተሰኘ አልበም የሁለት ክላሲካል ጊታሮች ሥራ ነው። የሪዮ ዴ ጃኔሮ ሠፈሮች ያሳደጉትን ሙዚቃ ሁለት ሰዎች ብቻ ይዘውት ይወጣሉ።

የሙዚቃው ሥር ሾሮ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሪዮ ተጫዋቾች ከአውሮፓ የገባውን ፖልካ ከአፍሪካ በመጣ ምት እያዋዙ መጫወት ጀመሩ። በቀድሞው ቡድን ዋሽንት ዜማውን ይመራል፣ ካቫኪኞ የተባለችው ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር ምቱን ትይዛለች፣ ትልቁ ጊታር ደግሞ ከሥር ባሱን ይሠራል። የአልበሙ ርዕስ ኤይቶር ቪላ-ሎቦስ በ1925 ለፒያኖ የደረሰው 5ኛው «ሾሮስ» የሚታወቅበት ስም ነው። ቪላ-ሎቦስ ራሱ በወጣትነቱ ከሾሮ ተጫዋቾች ጋር ጊታር ይጫወት ነበር።

አሳዶች ሾሮን የለመዱት ከቤታቸው ነው። አባታቸው ማንዶሊን ይጫወቱ ነበር፤ ልጆቹ ያጅቧቸው ነበር። ቤተሰቡ ከሳኦ ፓውሎ ግዛት ወደ ሪዮ ከሄደ በኋላ፣ የስፔናዊው ጊታር ተጫዋች የአንድሬስ ሴጎቪያ ደቀ መዝሙር ከነበሩት ከሞኒና ታቮራ ዘንድ ለ7 ዓመታት ተማሩ።

አንድ ሙሉ ቡድን ሁለት ጊታር ውስጥ እንዴት ይገባል?

ምስጢሩ ያለው ቀኝ እጅ ላይ ነው። አንደኛው ጊታር የዋሽንቱን ቦታ ወስዶ በቀጭኖቹ ክሮች ያዜማል። የሁለተኛው አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ወደ ታች እየወረደ ባሱን ሲያስኬድ፣ ቀሪዎቹ ጣቶች በምቱ መካከል አኮርድ እየመቱ የካቫኪኞን ሥራ ይሠራሉ። ጥቂት ቆይቶ ሚናው ይለዋወጣል። ጆሮ ግን መገጣጠሚያውን አያገኘውም።

ለሁለት ጊታር ከሚጫወቱት የብራዚል ሥራዎች መካከል የራዳሜስ ኛታሊ «ሬትራቶስ» ስሙ የገነነ ነው። በ1956 መጀመሪያ ለማንዶሊንና ለአጃቢ ቡድን የተደረሰ ሲሆን፣ አራቱ ክፍሎቹ ለፒሺንጊኛ፣ ለኤርኔስቶ ናዛሬት፣ ለአናክሌቶ ደ ሜዴይሮስ እና ለሺኪኛ ጎንዛጋ የተሰጡ ናቸው። አራቱም የብራዚልን ሙዚቃ መልክ ያስያዙ ደራሲዎች ናቸው።

ከአሳዶች ጋር ለመተዋወቅ ጥሩው መንገድ አንድን ቁራጭ ሁለት ጊዜ መስማት ነው፦ መጀመሪያ ዜማውን፣ ከዚያ ባሱን ብቻ እየተከተሉ። በሁለተኛው ዙር አጃቢ የመሰለው ድምፅ የራሱ ዜማ እንዳለው ይሰማል።