ስኳር መዳብን ሲያቀላ

ኮፐር ሰልፌት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊነቱ የሚመጣው ሁለት ኤሌክትሮኖች ከጎደሉት የመዳብ አዮን ነው። ይህ አዮን ከጎደሉት አንዱን የሚሰጠው ካገኘ ሰማያዊነቱን ያጣል፤ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮም የጡብ መልክ ያለው ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ኤሌክትሮን መቀበሉ በኬሚስትሪ ሪዳክሽን ይባላል። ሰጪው እንደ ግሉኮስ ያለ ተራ ስኳር ሊሆን ይችላል።

ግሉኮስ ግን ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቀው አልካሊ ባለበት ነው። አልካሊው የስኳሩን ሞለኪውል ቅርጽ ይለውጥና ለመስጠት ያዘጋጀዋል። ችግሩ ያው አልካሊ መዳቡን የሚያበላሽ መሆኑ ነው፤ መዳቡ ወዲያው ፈዛዛ ሰማያዊ ዝቃጭ ይሆናል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይጠቁራል። የጠቆረ ቱቦ ውስጥ ቀይ ቀለም መለየት አይቻልም።

ለዚህ በተገኘው መላ ስሙ የሚጠራው ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎን ፌሊንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ ባወጣው ዘዴ ታርትሬት የተባለ ጨው ጨመረበት። ታርትሬት አዮኑን ዙሪያውን ይዞ እንዳይዘቅጥ ያደርገዋል፤ ኤሌክትሮን እንዳይቀበል ግን አይከለክለውም። የዘዴው ብልሃት ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይሁንና ድብልቁ ሲቆይ ስለሚበላሽ መዳቡና አልካሊው በሁለት ጠርሙስ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ የሚቀላቀሉት በሥራ ሰዓት ነው። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ አሜሪካዊው ስታንሊ ቤኔዲክት ታርትሬቱን በሲትሬት፣ ኃይለኛውን አልካሊ ካስቲክ ሶዳን በለዘብተኛው ሶዲየም ካርቦኔት ተካና በአንድ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ድብልቅ አዘጋጀ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 5 ሚሊ ሊትር የቤኔዲክት ድብልቅ ቱቦ ውስጥ ይጨመራል፤ 8 ጠብታ ሽንት ይንጠባጠብበትና የፈላ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ይቆያል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊው እንዳለ ይቀራል። ካለ እንደ መጠኑ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻም ጡብ መልክ ይሆናል። አረንጓዴው ራሱን የቻለ ቀለም አይደለም፤ ጥቂት ቢጫ ዝቃጭ ከተረፈው ሰማያዊ ጋር ተቀላቅሎ የሚታይ ነው። የስኳር ሕመምተኞች ሽንት ለረጅም ዘመን የተመረመረው በዚህ መንገድ ነው።

ምርመራው ጣፋጭ ሁሉን አይለይም። ማር ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስላለው ያቀላዋል፤ ለሻይ የሚጨመረው ነጭ ስኳር ግን ሁለቱ ስኳሮች ኤሌክትሮን በሚሰጡበት ጫፍ ስለተያያዙ አያቀላውም። በሌላ በኩል ቫይታሚን ሲም ሆነ የምታጠባ እናት ሽንት ውስጥ የሚገኘው የወተት ስኳር የስኳር ሕመም ሳይኖር ቀለሙን ይለውጣሉ። ግሉኮስን ብቻ የሚለዩት የኢንዛይም ወረቀቶች ይህን ምርመራ ከክሊኒክ ያስወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ግን አሁንም የሚመች ነው።

ሰጪው ፎርማልዴሃይድ ሲሆን ነገሩ ከቀይ ዱቄት ያልፋል። ፓላዲየም በተቀባ ገጽ ላይ፣ በጠንካራ አልካሊ ውስጥ፣ አዮኑ ሁለቱንም ኤሌክትሮኖች መልሶ አግኝቶ ንጹሕ መዳብ ይሆናል። የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች የሰርኪት ቦርድ ቀዳዳዎችን ግድግዳ፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን ፕላስቲክ፣ በስስ መዳብ የሚለብጡት እንዲህ ነው። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ በመሆኑ ግን እንደ ግላዮክሲሊክ አሲድ ያሉ ሌሎች ሰጪዎች በቦታው እየተሞከሩ፣ አንዳንዶቹም ሥራ ላይ እየዋሉ ነው።