ነገር በምሳሌ፤ ከመካነ ኢየሱስ ሽማግሌዎች ዘንድ

በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ወሰን ሲጣሉ ጉዳያቸው ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳዮቹ ቆመው ይናገራሉ። አንዱ ነገሩን ከመሃል ጀምሮ ሲያምታታ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይሉታል። ተቆጡኝ ብሎ አይከፋም፤ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ወሰን የገፋው ሰው የጎረቤቱን የዋህነት አይቶ እንደደፈረ ሲገለጥ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ መካከል «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚል ድምፅ ይሰማል። ግፈኛ፣ ሌባ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ጥፋተኛው ግን አንገቱን ደፍቷል፤ ተበዳዩም ሞኝ መባሉን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ አዘኔታ ተቀብሎታል።

ተረትና ምሳሌን ብዙ ሰው የምክር ማከማቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ትልቁ ሥራው ይህ ይመስለኛል፦ ሰውን ሳያዋርዱ እውነቱን ፊት ለፊት መንገር። የተናገሩት አበው ናቸው፤ ሽማግሌው ያስታውሳል እንጂ አይሰድብም። በማግስቱ እነዚያ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ደቦ ላይ መገናኘታቸው አይቀርምና፣ ቁስል የማይተው ቃል ያስፈልጋል።

አሠራሩ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል በተራ ንግግር «ያስራል» የምንለውን ግስ ጅራቱን ቆርጠን እናስቀረዋለን። ያኔ «ያብር» እና «ያስር» ቤት ይመታሉ፣ ሁለቱ ወገን ይመዛዘናል፣ ያልተማረውም ሰው አንዴ ሰምቶ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» ላይም ልኩ ያው ነው። ይህ አገር ቃል በልክና በዜማ የሚመዘንበት አገር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም ድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ ዝማሬ መዋሥዕት የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ማስመስከሪያ ናቸው፤ የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣባቸው።

ሌላው ዘዴ ነገሩን በሌላ አፍ ማስነገር ነው። ተሹሞ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ክብር የሚጠይቀውን ሰው «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይሉታል። ቃል የተገባላትን ነገር በእጇ ሳትይዝ አላምንም የምትለው ደግሞ «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ትላለች፤ ሙሽራ በጀርባ ታዝላ ከቤት የምትወጣበትን ወግ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይስቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ተረቱ ተሟልቶ አይነገርም። «የቆጡን አወርድ ብላ…» ብሎ ተናጋሪው ይተወዋል፤ አድማጩ ቀሪውን በሆዱ ሲጨርስ በራሱ ላይ ራሱ ይፈርዳል።

ተረቱ ከመሬቱም ጋር የተያያዘ ነው። ከመካነ ኢየሱስ በስተሰሜን ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። በደቡብ በኩል መሬቱ እየወረደ ሄዶ እስቴን ከጎጃም የሚለየው አባይ ላይ ያበቃል፤ በስማዳ በኩል ደግሞ የበሽሎ ወንዝ አለ። እዚህ «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ሲባል ገደሉ የእውነት ገደል ነው። በበጋ ሜዳው ሲደርቅ እርጥብ ሣር የሚቀረው አፋፉ ላይ ነው፤ በሬው ገደል የገባበት ገበሬ ደግሞ የዓመት እርሻው አብሮ ይገባበታል። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውንም ወንዙ በክረምት ደፍርሶ ሞልቶ፣ ነቅሎ ያመጣውን ዛፍ ሲያንከባልል ያየ ሰው ሲናገረው ሌላ ክብደት አለው።

ተረቶቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ሕዝብ ራሱ «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። የመጀመሪያው ምላሱ ለሚቸኩል ወጣት ነው፣ ሁለተኛው መብቱን ውጦ ለሚቀመጥ ሰው። የትኛው ለማን እንደሚገባ መለየት ነው አዋቂ የሚያሰኘው፤ ተረት ማብዛት ማንንም አዋቂ አያደርግም።

ሁሉም ግን ይያዝ አልልም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ስንት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት እንድትቀር፣ ስንት እናት በገዛ ቤቷ ውስጥ አፏን እንድትይዝ ሲጠቀስ ኖሯል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ደግሞ የጉቦኛ መከታ ሆኗል። ቤት ስለመታና አበው ስላሉት ብቻ ግፍ እውነት አይሆንም፤ እንዲህ ያለውን በስብስብ ውስጥ እናቆየው፣ ከአፋችን ግን እናውጣው።

እነዚህን ቃላት ወደ መጽሐፍ ካስገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሩቅ አገር ሰው ነበር። ዣክ ፋይትሎቪች በዛሬዋ ፖላንድ ሎድዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1881 የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በ1904 የኢትዮጵያን አይሁዳውያን፣ ቤተ እስራኤልን፣ ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በ1907 ደግሞ የአበሻን ምሳሌያዊ ንግግሮች ከነትርጓሜያቸውና ከነማብራሪያቸው ፓሪስ ላይ አሳተመ። ከእርሱ በፊት ጣሊያናዊው ኢግናትዮ ጉዊዲ በ1894 ሮም ላይ ተመሳሳይ ሥራ አውጥቷል። የፋይትሎቪች ነገር የሚደንቀኝ ግን በዓመቱ፣ በ1908፣ ኢግናትስ በርንሽታይን የተባለ ሌላ አይሁዳዊ ዋርሶ ላይ የይዲሽ ቋንቋ ተረቶችን ማሳተሙ ነው፤ ቁጥራቸው ወደ 4,000 ይጠጋል።

ይዲሽ በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፍ፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን የቤትና የገበያ ቋንቋ ነበር። እኛ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የምንለውን እነሱ «በአንድ መቀመጫ ሁለት ሰርግ አይጨፈርም» ይላሉ። እኛ «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» ስንል እነሱ «ሰው ያቅዳል፣ እግዜር ይስቃል» ይላሉ፤ በቋንቋቸውም እንደኛው ቤት ይመታል። በርንሽታይን መጽሐፉን ባሳተመ በአርባ ዓመት ውስጥ ናዚዎች ከፈጇቸው 6 ሚሊዮን አይሁዳውያን የሚበዙት ይዲሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። ይዲሽ ይነገርባቸው በነበሩት መንደሮች ዛሬ የሚጠየቅ ሽማግሌ የለም።

እስቴ ላይ የሚጠየቅ ሽማግሌ አለ። ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ተረቱ ሳይጠፋ ተረቱ የቆመበት ዕቃ ይጠፋል። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለውን የከተማ ልጅም ይለዋል። መጫኛ አህያና በቅሎ የሚጫንበት ረጅም ጠፍር ነው፤ ሠንጋ ለዕርድ ሲጣልም እግሩ የሚታሰረው በእርሱ ነው። ለዶሮ አንድ እጅ ይበቃል። ዶሮዋ ግን እንደ በሬ በመጫኛ ስለተጣለች የተከበረች መሰላት፤ ቢላዋው የሚመጣው በዚያ ክብር መሃል ነው። መጫኛ አይቶ የማያውቅ ሰው መታለሏን ይሰማል፣ በምን እንደታለለች ግን ያመልጠዋል።

ስብስቦቻችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተረቱን በፊደል ተራ ደርድረው ያልፋሉ። ፋይትሎቪች ማብራሪያ ማከሉ ልክ ነበር። የመካነ ኢየሱስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደብተር ይዘው አያቶቻቸው ዘንድ ቢቀመጡ ከእርሱም የተሻለ መሥራት ይችላሉ። ተረቱን ከጻፉ በኋላ ይጠይቁ፦ አባባ፣ ይህን ማን ለማን ሲለው ሰሙ? ነገሩ ምን ነበር? የተባለውስ ሰው በምን መለሰ?