አሮጌው ወረቀት ምን ይናገራል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይሁን እንጂ በጽሑፍ ያለውም ቢሆን አንባቢ ካላገኘ ከአሮጌ ብረትና ከባዶ ጠርሙስ ጋር ተጭኖ መሄዱ አይቀርም። በጉለሌ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ በሚገኘው በአዲሱ ገበያ ሠፈር «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ነጋዴ የሚገዛው እንዲህ ያለውን አሮጌ ዕቃ ነው። አንድ ሽማግሌ ዐርፎ ሣጥኑ ሲከፈት የዛገ ሜዳይ ወይም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ደብተር ይገኝ ይሆናል። ሻጩ አያነበውም፤ ገዢውም አያነበውም። ስለዚህ የጦር ዘመን ወረቀትና ኒሻን በእጃቸው ለሚገባ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ይጠቅማል ያልነውን ጥቂት ምክር ዛሬ እናቀርባለን።

በውጭ አገር እንዲህ ያለው ዕቃ በሐራጅ ይሸጣል። ከሁሉ ይልቅ ፈላጊ የሚበዛበትም የጀርመን ጦር ዕቃ ነው። «የጀርመን ዕቃ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱን ከታሪክ ያገኛል። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ኢጣልያ በአገራችን ላይ ለመዝመት ስትሰናዳ የሂትለር መንግሥት 10,000 ያህል የሞዘር ጠመንጃ ከነጥይቱ በምስጢር ለኢትዮጵያ እንዲላክ ፈቀደ። ይህን ያደረገው ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ በአውስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ስላልተስማማ ኢጣልያ በአፍሪካ እንድትጠመድለት ፈልጎ ነው። ምስጢሩ እንዳይወጣም የጀርመን ምልክት ከመሣሪያው ላይ እንዲጠፋ ተደረገ። ኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና በ1932 ዓ.ም. በኤርትራ የቀሩ ጀርመናውያን መርከበኞች በሻምበል ተደራጅተው ከኢጣልያ ጎን ተሰለፉ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። የጀርመን ምልክት የሌለበት ዕቃ የጀርመን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ «ጀርመን ነው» የተባለውም የሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ሞዘር የፈልሳፊዎቹ ወንድማማቾች ስም ነው እንጂ የአገር ስም አይደለም። ሕዝባችን «ቤልጅግ» ብሎ የሚጠራው ጠመንጃ በሞዘር ፈሊጥ ቤልጅግ አገር የተሠራ ነው። ስለዚህ ከሻጩ ወሬ አስቀድሞ ዕቃውን ራሱን መጠየቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዘመኑ ነው። 1933 የሚል አኃዝ በአማርኛ ወረቀት ላይ ቢገኝ አገራችን ነጻ የወጣችበት ዓመት ነው። በጀርመን ወረቀት ላይ ቢገኝ ግን ሂትለር ሥልጣን የያዘበት ነው፤ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር ጥር 1925 ዓ.ም. ነው። የኢጣልያኖች ወረቀት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምረው የራሳቸውን ዘመን ይቈጥሩ ነበርና፣ ከአውሮፓው ቀን አጠገብ በሮማውያን አኃዝ ሌላ ቍጥር ይጽፋሉ። አዲስ አበባ የተያዘችበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በእነርሱ ቈጠራ በ14ኛው ዓመት ውስጥ ይውላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የወረቀቱ ዓይነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ወታደር ሁለት ደብተሮች ነበሩት። አንደኛው «ሶልድቡኽ» የተባለው የደመወዝ ደብተር ሲሆን ወታደሩ ሁልጊዜ በኪሱ ይይዘዋል። ሁለተኛው «ዌርፓስ» ይባላል፤ ወታደሩ በአገልግሎት ላይ ሳለ የሚያስቀምጠው የጦር ክፍሉ ነው። ሰውየው ሲሰናበት ለራሱ ይመለሳል፤ ሲሞት ለቤተሰቡ ይላካል። እንግዲህ አንድ ሻጭ ዌርፓስ ይዞ «በጦር ሜዳ ከሞተ ወታደር ኪስ የተወሰደ ነው» ቢል፣ ነገሩ እንደሚያጠራጥር ማንም ሊያውቅ ይችላል። በውስጡም «ዲንስትግራድ» የሚለው ማዕረግ፣ «ትሩፕንታይል» የሚለው የጦር ክፍል ማለት ነው እንጂ የሰው ስም አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ኒሻኑ ነው። በጀርመን የብረት መስቀል ላይ 1914 ወይም 1939 ተቀርጾ ይገኛል። ይህ ጦርነቱ የተጀመረበት የአውሮፓ ዓመት ነው እንጂ ኒሻኑ የተሰጠበት አይደለም። ከ1939ኙ መስቀል መካከል የናዚ ምልክት ጠፍቶ የባሉጥ ዛፍ ቅጠል ከተተካ ደግሞ፣ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት በ1949 ዓ.ም. ካወጣው ሕግ በኋላ የተሠራ ነው። ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጦርነቱ ዘመን ደረት ላይ አልዋለም።

ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የባለቤቱ ስም ነው። ጀርመኖች በ1931 ዓ.ም. ስለ ወታደሮቻቸው የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት አቋቁመው ነበር። የዚህ መሥሪያ ቤት የካርድ መዝገብ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይይዛል፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሪቱ ቤተ መዛግብት ተጠቃሏል። የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን መጨረሻ የሚጠይቁት ከዚያ ነው። የእኛ አርበኞች ማስረጃ ግን ብዙው ያለው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ከተበተነ መዝገቡ ተበተነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የማያሰኝ ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ከሣጥኑ የሚወጣው ሁሉ የአርበኛ ሜዳይ አይሆንም። «ኮንጄዶ» የሚል የኢጣልያ ጦር መሰናበቻ፣ ወይም ኢጣልያ ለ1928ቱ ዘመቻ የሰጠችው ሜዳይ ሊወጣ ይችላል። አያት በጠላት ጦር ውስጥ አስካሪ ሆነው አገልግለው እንደ ሆነ ወረቀቱ ይናገራል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ማቃጠል ይቃጣዋል፤ ነጋዴውም «የአርበኛ ነው» ብሎ ዋጋ ሊጨምርበት ይሞክራል። ሁለቱም ታሪክን ይበድላሉ። ተገዶ የገባ፣ በረሃብ የገባ፣ ኋላም ከድቶ ከአርበኞች የተቀላቀለ ሰው አለ። ይህን ለመለየት የሚያስችለው ያ የሚጠላው ወረቀት ነው። የአርበኛውም ክብር ጸንቶ የሚቆየው እውነተኛው ከሐሰተኛው ሲለይ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ የገጠመው ሰው ሜዳዩን በሎሚና በዐመድ አይፈትግ፤ የተቀደደውን ወረቀት በፕላስተር አይለጥፍ። ሜዳዩንና ወረቀቱን ለየብቻ አይሽጥ፤ ከተለያዩ ሁለቱም ዲዳ ይሆናሉና። የማን እንደ ነበረ፣ ከየት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ነገረው በሌላ ወረቀት ጽፎ አብሮ ያስቀምጥ። ማንበብ ቢያቅተው በ1936 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር ብለን ወደምናውቀው ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም በስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዶ ይጠይቅ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በ1992ቱ አዋጅ ቍጥር 209 የተከለከለ መሆኑን አይርሳ።

ቆራሌው ለኪሎው የሚከፍለው ዋጋ አንድ ቀን ያበላል። በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን አንዴ ከጠፋ በማንኛውም ዋጋ ተመልሶ አይገዛም። በቤታችሁ ሽማግሌ ካሉ ሣጥኑን አስከፍቶ መጠየቅ ዛሬ ነው፤ ነገ ወረቀቱ ቢኖር እንኳ ነጋሪው ላይኖር ይችላል።