አልቫሪኙ፦ የሚኙ ወንዝ ነጭ ወይን

የፖርቱጋል ወይን ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጣፋጩና ጠንካራው የፖርቶ ወይን ነው። ከፖርቶ ከተማ ተነስቶ በስተሰሜን እስከ ስፔን ድንበር በሚዘልቀው ልምላሜ አገር፣ በሚኙ፣ ከምግብ ጋር የሚቀርበው ግን ሌላ ነው፦ ቀለል ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነጭ ወይን። ቪኙ ቬርድ ይሉታል። የሚመረትበት ክልል በሕግ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው።

አገሩ ዝናብ አይጠግብም። ከአትላንቲክ የሚነሳው ደመና ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ አፈሩም በአብዛኛው ከግራናይት የተፈረፈረ አሸዋማ ነው። የባሕሩ ቅዝቃዜ ፍሬው እየበሰለም ኮምጣጣነቱን እንዳይለቅ ያደርገዋል። እርጥበቱ ግን ሻጋታ ይጠራል። ስለዚህ የሚኙ ገበሬ ሐረጉን ከመሬት አርቆ ያሳድግ ነበር፤ ወይ ዛፍ ላይ ያወጣዋል፣ ወይ በግራናይት ምሰሶ ላይ ዳስ ሠርቶ ይዘረጋዋል። ዘለላው ከራስ በላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያገኛል፤ ከሥሩ በቆሎና ጎመን ይበቅላል፤ መሬቱ ጠባብ ነውና አንድ ስንዝር አይባክንም። ለቀማው በመሰላል ነበር። አዳዲሶቹ እርሻዎች ሐረጉን ዝቅ ባለ ሽቦ ላይ ስለሚያስይዙ ፍሬው ይበልጥ ይበስላል፤ የወይኑ ጥራት ከፍ ያለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የተለመደው ቪኙ ቬርድ እንደ ሎሬይሩ፣ አሪንቱና ትራዣዱራ ካሉ ዝርያዎች ይቀላቀላል፤ አልኮሉም አነስተኛ ነው። ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገው ጋዝ ድሮ ከራሱ ከወይኑ መፍላት የሚቀር ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ጠርሙስ ሲሞላ ይጨመርበታል። ርካሾቹ ውስጥ ትንሽ ስኳር ስለሚቀር፣ ያልጣፈጠ ወይን የሚፈልግ ሰው ጠርሙሱ ላይ አልቫሪኙ የሚለውን የዝርያ ስም ቢፈልግ ይሻለዋል።

አልቫሪኙ ለእኔ የክልሉ ኩራት ነው። ምርጡ የሚገኘው በሚኙ ወንዝ ዳር በሞንሳውና በሜልጋሱ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት የስፔን ጋሊሲያ ሰዎችም ይህንኑ ዝርያ አልባሪኞ ብለው ያመርቱታል። እነዚህን ሁለት ቦታዎች ተራራ ከአትላንቲክ ስለሚጋርዳቸው በጋቸው ከቀረው ሚኙ ይሞቃል። ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ጭማቂውም ጥቂት ስለሆነ ጣዕሙ የተጠራቀመ ነው። አልኮሉ 13 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ስኳሩ ግን ፈልቶ አልቋል። በሜልጋሱ የሶአልየይሩ ወይን ባለቤት የሆነው ቤተሰብ ይህን ዝርያ ብቻ የያዘ እርሻ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲተክል፣ አካባቢው ገና የጓሮ ወይን አገር ነበር።

ቀለሙ ገለባ ይመስላል። በጣም ቀዝቅዞ ሲቀዳ ሽታው ዝግ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ጥቂት ሲቆይ የኮክና የብርቱካን አበባ መዓዛ ይወጣዋል፤ ሲዋጥ መጨረሻው ላይ ጨው ጨው ይላል። ስለዚህ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ መጠጣት ወይኑን መበደል ነው። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል።

ማዕዱን ሲያገኝ ነው ሥራው የሚታየው። በሰኔ አጋማሽ፣ በፖርቶው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ፣ መንገዱ ሁሉ ከሰል ላይ በሚጠበስ ሰርዲን ጭስ ይታጠናል። ዓሣው ቁራሽ ዳቦ ላይ ይጋደማል፤ ዳቦው ስቡን እየጠጣ ይርሳል። ኮምጣጣው ወይን ያን ስብ ከአፍ ጠርጎ ለቀጣዩ ጉርሻ ያዘጋጃል፤ ለዚህ ደግሞ ርካሹና ቀላሉ ቪኙ ቬርድ ይበቃል። በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በድንብላል ቅጠል የሚበስሉት ባለዛጎል የባሕር ፍጥረታት ግን አልቫሪኙ ይገባቸዋል። ምግቡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ በቡልያው ፓቱ ስም ይጠራል፤ መረቁ በዳቦ ተጠርጎ ይበላል፣ የወይኑ ጨዋማነትም ከመረቁ ጋር ይገናኛል። በወይራ ዘይት ተጠብሶ ከድንች ጋር ለሚቀርበው ባካልያው፣ ያ በጨው የደረቀ ዓሣ፣ ጥቂት ዓመታት የቆየ አልቫሪኙ እመርጣለሁ። ጊዜ ያወፍረዋል፤ ተራው ቪኙ ቬርድ ግን በወጣበት ዓመት ቢጠጣ ይሻላል።

አንድ ምግብ ብቻ ነጩን አይቀበልም። በክረምት ማብቂያ ከሚኙ ወንዝ የሚጠመደውን፣ እባብ የሚመስለውን ዓሣ፣ ላምፕሬያን፣ በገዛ ደሙ ከሩዝ ጋር ያበስሉታል፤ ቪኙ ቬርድ ቀይም አለውና፣ የሞንሳው ሰዎች ለዚህ ጥቁር ሊባል የደረሰውን ቀዩን ያቀርባሉ።