የምረቃ ምጣኔ

የምረቃ ምጣኔ በአንድ ዓመት ወደ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ከገቡ ተማሪዎች መካከል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተመረቁትን በመቶኛ የሚያሳይ ቁጥር ነው። በምረቃ ቀን ከሚነገረው የተመራቂዎች ብዛት ይለያል። ብዛቱ ስንት ተማሪ እንደወጣ ይገልጻል፤ ምጣኔው ግን ከገቡት ስንቱ እንደወጣ ያሳያል።

አሰላል

በመጀመሪያ አብረው የገቡት ተማሪዎች (በተለምዶ «ባች» የሚባሉት) ይመዘገባሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ከአራት ክፍሎች በአንዱ ይመደባል፦ የተመረቀ፣ ወደ ሌላ ተቋም የተዛወረ፣ ያቋረጠ ወይም በውጤት የተሰናበተ፣ ገና በመማር ላይ ያለ።

ለማስረዳት ያህል፣ በጣና ዳርቻ በሚገኘው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ 100 ተማሪዎች አንድ ትምህርት ክፍል ገቡ እንበል። 10ሩ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፣ 15ቱ አቋረጡ፣ 5ቱ ወደ ኋላ ቀሩ፣ 70ዎቹ የመውጫ ፈተና ተፈተኑ፣ 56ቱ አልፈው ተመረቁ። ከተፈታኞች አንጻር ውጤቱ 80 በመቶ ነው፤ ከገቡት አንጻር 56 በመቶ ነው፤ የተዛወሩት ከስሌቱ ከወጡ ደግሞ 62 በመቶ ይሆናል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ልዩነቱ የሚካፈሉበት ቁጥር ነው።

ዝውውር

የተዛወረ ተማሪ እንዳቋረጠ ከተቆጠረ፣ የለቀቀው ተቋም ያለ ጥፋቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ከላይ ከተጠቀሱት 10 ተማሪዎች 8ቱ ጎንደር ቢመረቁ፣ በአገር ደረጃ የተመረቁት 64 ናቸው። ይህን ለማወቅ ግን የሁለቱ ተቋማት ሬጅስትራሮች መዝገብ መገናኘት አለበት። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ክብደት አለው፤ ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ጦርነት ምክንያት በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩ የነበሩ ተማሪዎች በሌሎች ተቋማት እንዲመደቡ ተደርጓል።

የመውጫ ፈተና በኢትዮጵያ

ቀድሞ በሕግ ትምህርት የተጀመረው የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ ለሚመረቁ ተማሪዎች በአጠቃላይ ተሰጠ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 40 በመቶ ገደማ አለፉ፤ በመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ፣ በግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች የፈተና ማለፊያ ምጣኔ እንጂ የምረቃ ምጣኔ አይደሉም። ስሌቱ የሚጀምረው ከተፈታኞች ስለሆነ፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ዓመት ያቋረጠ ተማሪ በውስጡ አይገኝም። በሌላ በኩል የወደቀ ተማሪ ድጋሚ ተፈትኖ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የባቹ የምረቃ ምጣኔ በኋላ ከፍ ሊል ይችላል።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ኮሌጆች የምረቃ ምጣኔያቸውን ለተማሪዎች እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የሚቆጠረው ከመደበኛው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ነው፤ ለአራት ዓመት ዲግሪ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ስሌቱ ለረጅም ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገቡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎችን ብቻ ይመለከት ስለነበር ተተችቷል፤ በኋላ የትርፍ ጊዜና ከሌላ ተቋም ተዛውረው የመጡ ተማሪዎችን የሚያካትት ዘገባ ተጨምሮበታል።

አነባበብ

ሁለት ተቋማትን ለማወዳደር የቁጥሩ መነሻ የገቡት ወይስ የተፈተኑት መሆናቸው፣ ስንት ዓመት እንደተጠበቀ፣ የተዛወሩትም በየትኛው ክፍል እንደተቆጠሩ መታወቅ አለበት። እነዚህ ካልተገለጹ ከፍተኛ መቶኛ የጥሩ ትምህርት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ደካማ የተባሉት ከፈተናው በፊት ወጥተው ይሆናል።